ሮስተሩና ዲስኩ

አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር የሴሚስተሩን ሮስተር ሠርቶ፣ ድምሩንም ጽፎ ጨርሶ፣ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሻይ ተደፋበት እንበል። ሻዩ ያጠፋው የአንዲት ተማሪ የሒሳብ ማርክ ብቻ ነው። አማርኛ 72፣ ሳይንስ 81፣ ድምር 218 የሚለው ደኅና ይነበባል። ታዲያ መምህሩ ፈተናውን እንደገና ይሰጣልን? አይሰጥም። ከ218 ላይ 72ን፣ ከዚያም 81ን ይቀንሳል፤ 65 ይቀረዋል። የጠፋው ማርክ ተገኘ ማለት ነው። ሌላ የማርክ ወረቀት አላስፈለገውም፤ ድምሩ በቃው።

የዚህ ጽሑፍ አርእስት የሆነው የዲስክ ፓሪቲ በመሠረቱ ከዚህ ሒሳብ የተለየ አይደለም። ሆኖም ድምር የሚባለው ነገር አንድ ክፉ ጎን አለው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ብዕር ያነሣሁትም በተለይ ስለ እሱ ነው።

እንድጽፍ የገፋፉኝ የዶርም ጓደኞቼ ናቸው። ስክሪን የሌለውና ማውስ የማይነካው ኮምፒዩተር ቤታችን እንዳለ ስነግራቸው ሳቁብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ደሴ ላይ ፎቶ ቤት አላቸው። ሠርግ፣ ኒካህ፣ ክርስትና፣ ምርቃት ይቀርጻሉ። ሰዎች ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ይመጡና «ሲዲው ተጫረብን፣ ፍላሹ ጠፋብን፣ እባክዎ ይፈልጉልን» ይላሉ። አጎቴም «የለም» ብሎ መመለስ እንደ ነውር ይቆጥሩታል። እውነታቸውን ነው፤ በእነዚያ ቪዲዮዎች ውስጥ ሲጨፍሩና ሲመርቁ ከሚታዩት ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለዚህ ያሮጀ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር በጓዳ በኩል አስቀምጠን ሰርቨር አደረግነው። ሰርቨር የሚባለው ሌላ ተአምር አይደለም፤ ሌሎች ኮምፒዩተሮች ፋይል የሚያስቀምጡበትና የሚወስዱበት፣ ሌት ተቀን የማይዘጋ ኮምፒዩተር ነው። ደቢያን የሚባለው ሊኑክስ ተጭኖበታል። እያንዳንዳቸው 2 ቴራባይት የሚይዙ አራት ዲስኮች አሉት። እኔ ከላፕቶፕ ሆኜ በኔትዎርክ እገባና ትእዛዙን በጽሑፍ እሰጠዋለሁ። ስክሪንና ማውስ ለምን እንዳላስፈለጉት ከዚህ ይታያል።

ከአራቱ ዲስኮች ቪዲዮ የሚቀመጥባቸው ሦስቱ ናቸው። አራተኛው የድምሩ ዲስክ ነው። ለሦስቱም ሙሉ ቅጂ እንያዝ ብንል ሌላ ሦስት ዲስክ መግዛት ይኖርብን ነበር፤ የዛሬን የዲስክ ዋጋ የጠየቀ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። ኮምፒዩተር ማንኛውንም ነገር የሚያስቀምጠው በ0 እና በ1 ነው። እንደ ሮስተሩ ብንደምራቸው ድምሩ እያደገ ይሄድና ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ 1 ሲደመር 1 እኮ 2 ነው፤ 2 ደግሞ በአንድ ቢት ቦታ አይገባም። ስለሆነም የሚመዘገበው ድምሩ ራሱ ሳይሆን ድምሩ ሙሉ ቁጥር ነው ወይስ ጎዶሎ የሚለው ብቻ ነው። ለሁለት እኩል ከተካፈለ 0፣ ካልተካፈለ 1። ይህ ስሌት ኤክስኦር ይባላል። የመጀመሪያው ዲስክ 1011፣ ሁለተኛው 0110፣ ሦስተኛው 1100 ይዘዋል እንበል። ከላይ ወደ ታች አምድ በአምድ ስናይ፦ 1፣ 0፣ 1 ሁለት ስለሆነ 0፤ 0፣ 1፣ 1 ሁለት ስለሆነ 0፤ 1፣ 1፣ 0 ሁለት ስለሆነ 0፤ 1፣ 0፣ 0 አንድ ስለሆነ 1። ስለዚህ ፓሪቲው 0001 ነው። ሁለተኛው ዲስክ ቢሞት በቀሩት በ1011፣ በ1100 እና በ0001 ያንኑ ስሌት ሥሩ፤ 0110 ይመጣል። ወረቀት አውጥታችሁ ሞክሩት፤ እኔ እስክሞክረው ድረስ አላመንኩም ነበር።

ይህን በፕራክቲከም ጊዜ ለአራተኛ ክፍል ልጆች በጨዋታ መልክ አቅርቤዋለሁ። ሦስት ልጆች ሰሌዳው ፊት ይቆማሉ፤ እጅ ማንሣት 1፣ እጅ ማውረድ 0 ነው። አራተኛዋ ልጅ ፓሪቲ ናት፤ የተነሡት እጆች ጎዶሎ ከሆኑ የራሷን ታነሣና ሙሉ ታደርጋቸዋለች፣ ሙሉ ከሆኑ ዝም ትላለች። ከዚያ ከሦስቱ አንዱ ከበር ውጪ ይወጣል፤ ውጪ የነበረ ሌላ ልጅ ይገባና የወጣው ልጅ እጁን አንሥቶ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ይናገራል። ሦስት ጊዜ በትክክል ተናገረ፤ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። በአራተኛው ጊዜ ግን አንዱ ተንኮለኛ ፓሪቲዋ ከወሰነች በኋላ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። የገባውም ልጅ ተሳሳተና ተሳቀበት። በዚያን ሰዓት ተቆጥቼ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ከዕቅዴ ይልቅ ያስተማረው ያ ተንኮለኛ ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምገልጸው ፕሮግራም ጠባይ ልክ ይኸው ነውና።

ፕሮግራሙ ስናፕሬይድ ይባላል። የጻፈው አንድሪያ ማዞሌኒ የሚባል ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ወጣ፤ በነፃ የሚሰጥ፣ ምንጩም ለማንም ክፍት የሆነ ነው። ዲስኮችን በፓሪቲ ማያያዝ ከዚያ በፊትም ነበረ፤ ሬይድ የሚለውን ስም የሰጡት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. ከበርክሌይ ባወጡት ጽሑፍ ነው። በተለመደው ሬይድ ፋይል ስትጽፉ ፓሪቲው በዚያችው ቅጽበት አብሮ ይጻፋል። ስናፕሬይድ ግን እንደዚያ አያደርግም። «ደምር» እስኪባል ድረስ ይጠብቃል። ስናፕ የሚለው ቃል ፎቶ እንደማንሣት ነው፤ ዲስኮቹ በዚያች ሰዓት ያላቸውን መልክ ይይዛል እንጂ ከዚያ በኋላ የሆነውን አያውቅም። ለባንክ ሒሳብ ይህ አይሆንም። አንድ ጊዜ ተጽፎ ለዓመታት ለማይለወጥ የሠርግ ቪዲዮ ግን ተስማሚ ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ዲስክ ለብቻው ሙሉ ስለሆነ፣ አንዱን ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ብትሰኩት ፋይሎቹ እንዳሉ ይነበባሉ። ሁለት ዲስኮች በአንድ ቀን ቢሞቱ እንኳ ሦስተኛው ላይ ያለው አይነካም።

ዝግጅቱ አጭር ነው። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ሲሆን፣ እኔ እዚህ እንደ ንባባቸው አስቀምጣቸዋለሁ። ኢቲሲ በሚባለው ማኅደር ውስጥ «ስናፕሬይድ ነጥብ ኮንፍ» የሚል ፋይል አለ። በዚያ ውስጥ ሦስት ዓይነት መስመር ይጻፋል። «ፓሪቲ» የሚለው መስመር የድምሩ ፋይል የት እንደሚቀመጥ ይናገራል፤ ዲስኩ ከመረጃ ዲስኮቹ ከትልቁ ማነስ የለበትም። «ዳታ» የሚለው ለእያንዳንዱ የቪዲዮ ዲስክ ስምና ቦታ ይሰጣል፤ እኛ ዲ1፣ ዲ2፣ ዲ3 ብለናቸዋል። «ኮንቴንት» የሚለው የመዝገቡ ፋይል ነው፤ የትኛው ፋይል የት እንዳለና የእያንዳንዱ ቁራጭ አሻራ ምን እንደሆነ ተጽፎበታል። ይህ መዝገብ ከጠፋ ድምሩ ብቻውን ምንም አይረባም፤ የተማሪዎቹ ስም የጠፋበት ሮስተር ይሆናል። ስለዚህ በተለያዩ ዲስኮች ላይ ቅጂው ይቀመጥ። መብራት ለሚጠፋበት አገር ደግሞ «አውቶሴቭ» የሚል መስመር መጨመር ብልህነት ነው፤ ይህን ያህል ጊጋባይት በሠራህ ቁጥር የደረስህበትን መዝግብ ማለት ነው።

አሻራ ያልኩትን ላብራራ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፋይል በ256 ኪሎባይት ቁራጭ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ አጭር የስሌት ውጤት ይይዛል። ከቁራጩ አንድ ቢት ብትለወጥ ውጤቱ ሌላ ይሆናል። የሮስተሩ መምህር 65 ብሎ ያገኘው ትክክል ይሁን አይሁን ማረጋገጫ የለውም፤ ስናፕሬይድ ግን ያገኘውን ከአሻራው ጋር አስተያይቶ ካልገጠመ «አልቻልኩም» ይላል። ውሸት አይሰጣችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከትእዛዞቹ ሁለቱን ለይታችሁ ያዙ፤ «ስናፕሬይድ ሲንክ» እና «ስናፕሬይድ ፊክስ»። ሲንክ ማለት ማርኮቹ ልክ ናቸው፣ ድምሩን እንደ እነሱ አስተካክል ማለት ነው። ፊክስ ማለት ደግሞ ድምሩ ልክ ነው፣ ማርኮቹን እንደ እሱ አስተካክል ማለት ነው። አንደኛው ዲስኩን ያምናል፣ ሁለተኛው ፓሪቲውን። ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው። ግን የሻዩ ዕለት መምህሩ ማርኩ የጠፋበትን ቦታ ዜሮ ነው ብሎ ድምሩን 153 አድርጎ ቢያስተካክልስ? ሮስተሩ ንጹሕ ይሆናል፤ ሒሳቡም ይገጥማል። ልጅቷ ግን 65 ማግኘቷን የሚያውቅ አንድም ቁጥር በዓለም ላይ አይኖርም። ከላይ ክፉ ጎን ያልኩት ይህንን ነው፤ ድምር የታዘዘውን ያምናል።

ይህ በእኔም ላይ ሊደርስ ለጥቂት ነው የቀረው። አምና ክረምት መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ሰንብቶ ነበር። አንድ ምሽት መብራት እንደተመለሰ ኮምፒዩተሩ ራሱ ተነሣ። እኔም ሁለት አዲስ ሠርግ ዲ1 ላይ ገልብጬ ቀጥታ ሲንክ ብዬ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ እምቢ አለ። ረጅም መልእክት አወጣ፤ የመጨረሻው መስመር ግን መፍትሔ ይመስላል፦ እንዲያም ሆኖ መቀጠል ከፈለግህ «ፎርስ ኤምፕቲ» ጨምረህ እዘዝ ይላል። ፎርስ ማለት አስገድድ፣ ኤምፕቲ ማለት ባዶ ነው። እኔ ታዲያ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አንብቤ መጻፍ ጀመርኩ። አጎቴ ቡናቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመው ነበር። «ምን ይላል ይኸ ሁሉ ጽሑፍ?» አሉኝ። ለእሳቸው ስል ከላይ ጀምሬ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። «ጋሼ፣ ዲ2 ላይ የነበሩት ፋይሎች በሙሉ የሉም ወይም ተለውጠዋል ነው የሚለው።»

«የሉም ካለ፣ አንተ ልጅ፣ ታዲያ ምን እየጻፍህ ነው?»

እጄን አነሣሁ። «ዲኤፍ» የሚለውን ትእዛዝ ብሰጥ፣ ዲ2 ከነጭራሹ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዲስኩ ማውንት አልሆነም፤ ማኅደሩ ባዶውን ቆሟል። ፕሮግራሙ ያየው ባዶ ማኅደር ነው። አስገድጄው ቢሆን ኖሮ «ዲ2 ባዶ ነው» ብሎ ይደምር ነበር። ዲስኩ በዚያ ምሽት አልሞተም ነበር፤ ገመዱ ላልቶ ነው። ስለዚህ ቢበዛ ጥበቃውን እናጣ ነበር እንጂ ቪዲዮዎቹ አይጠፉም ነበር። ሞቶ ቢሆንስ? 2 ቴራባይት ሠርግና ምርቃት በገዛ እጄ፣ በአንዲት መስመር።

ከዚያ ወዲህ ሲንክን ያለ «ዲፍ» አልጽፍም። «ስናፕሬይድ ዲፍ» ምንም ሳይነካ፣ ካለፈው ድምር ወዲህ ስንት ፋይል እንደተጨመረ፣ ስንት እንደተሰረዘ፣ ስንት እንደተለወጠና እንደተዘዋወረ ይነግራችኋል። እኔ ሁለት ሠርግ ጨምሬ ምንም ሳልሰርዝ፣ ተሰረዘ በሚለው በኩል 900 ካየሁ ሲንክ የለም። ሌሊት በራሱ እንዲሠራ ክሮን የሚባለውን የሰዓት ማዘዣ የምንጠቀም ሰዎች ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ አለብን፤ ክሮን ቡና ይዞ ከኋላው የሚቆም አጎት የለውም። እኔ በጻፍኩት ትንሽ ፕሮግራም የተሰረዙት ፋይሎች ከ40 ከበለጡ ሥራው ቆሞ ይጠብቀኛል።

ሌሎቹን ትእዛዞች ባጭሩ ልለፋቸው። «ስክራብ» ዲስኮቹን እያነበበ ከአሻራቸው ጋር ያስተያያል፤ ካልተነገረው በአንድ ጊዜ ከመቶ 8 ያህሉን ነው የሚያየው፣ ያውም ባለፉት 10 ቀናት ያልታየውን። በሳምንት አንድ ቀን ቢታዘዝ በሦስት ወር ገደማ ሁሉንም ይዞራል። «ስታተስ» ጠቅላላ ሁኔታውን፣ «ስማርት» የዲስኮቹን ጤና ያሳያል። ስማርትን ብዙ አልመካበትም፤ ምክንያቱን አሁን ትሰሙታላችሁ።

ዲ2 መስከረም ላይ እውነቱን ሞተ። ስማርት ከሦስት ቀን በፊት ደኅና ነው ብሎን ነበር። መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ምንም አለማድረግ ነው፤ ሲንክ የለም፣ ክሮን ተዘጋ፣ ዲ1 እና ዲ3 ላይ ማንም እንዳይጽፍ ተደረገ። አዲስ ዲስክ ተገዝቶ ተሰካ፣ ፎርማት ተደረገ። በኮንፍ ፋይሉ ውስጥ የዲ2 መስመር ወደ አዲሱ ዲስክ ቦታ ተዛወረ። ቀጥሎም «ስናፕሬይድ፣ ሰረዝ ዲ፣ ዲ2፣ ሰረዝ ኤል፣ ፊክስ ነጥብ ሎግ፣ ፊክስ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝ ዲ የትኛውን ዲስክ እንደሚመልስ ይነግረዋል፤ ሰረዝ ኤል የሠራውን ሁሉ በማስታወሻ ፋይል እንዲጽፍ ያዘዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ጠዋት «ቼክ» በሚለው ትእዛዝ ዲ2ን ከአሻራው ጋር አስተያየሁት። ሲንክ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው።

ሁሉም ተመለሰ ብል ደስ ባለኝ። ሁለት ፋይሎች በስማቸው መጨረሻ «አንሪከቨረብል» የሚል ቃል ተለጥፎባቸው አገኘሁ፤ የማይመለስ ማለት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ካለፈው ሲንክ ወዲህ ዲ1 ላይ ያልተቆራረጡ ቪዲዮዎችን ቦታ ለማስለቀቅ ሰርዤ ነበር። ዲ2ን ለመመለስ ስሌቱ የተሰረዙትን ይፈልጋል፤ እነሱ የሉም። እጁን ያወረደው ልጅ እኔ ሆንኩ ማለት ነው። ደግነቱ የሁለቱም ባለቤቶች ቅጂ ነበራቸው።

ሦስተኛው ግን በዝርዝሩም ውስጥ የለም። ቅዳሜ ማታ ዲ2 ላይ የተገለበጠ የአንድ ቤተሰብ የሽምግልና ቪዲዮ ነበር፤ ዲስኩ የሞተው እሑድ፣ ሲንክ ደግሞ የሚደረገው ሰኞ ነበር። መዝገቡ ስላላወቀው አንሪከቨረብል እንኳ አላለውም፤ እንዳልነበረ ሆነ። የካሜራው ሚሞሪም ለእሑድ ሥራ ተብሎ ተጠርጓል። አጎቴ በስልክ አይነገርም ብለው ራሳቸው እቤታቸው ድረስ ሄደው ነገሯቸው። ሲመለሱ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። አሁን የካሜራ ሚሞሪ የሚጠረገው ሲንክ ከተደረገ በኋላ ብቻ ነው።

አንድ ጓደኛዬ «ታዲያ ፓሪቲ ካለ ቅጂ መያዝ ለምን?» ብሎኝ ነበር። አራቱም ዲስኮች አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ሌባ ሳጥኑን ይዞ ከሄደ ድምሩንም ይዞ ሄደ። ሻይ ሮስተሩን በሙሉ ቢያጠፋው እንደማለት ነው። እንዲሁም አንድ ፓሪቲ የሚመልሰው አንድ ዲስክ ብቻ ነው፤ ሁለት ማርክ ከጠፋ በአንድ ድምር አይገኝም። ስናፕሬይድ እስከ 6 ፓሪቲ ድረስ ይቀበላል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ስሌቱ ከኤክስኦር የጠለቀ ነው፤ ወደፊት ዕድሉን ካገኘሁ በሌላ ጽሑፍ እመለስበታለሁ።

መለማመድ የምትፈልጉ ዲስክ መግዛት አያስፈልጋችሁም። አራት አሮጌ ፍላሽ ይበቃል፤ የፓሪቲው ከሦስቱ እንዳያንስ ብቻ ተጠንቀቁ። ፋይል ሙሉባቸው፣ ሲንክ አድርጉ፣ አንዱን ፎርማት አድርጋችሁ ባዶውን በቦታው መልሱና ፊክስ በሉ። ኮምፒዩተር ለጊዜው ካላገኛችሁ ደግሞ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በወረቀት ሥሩ፤ መልሱን በሚቀጥለው እትም እዚሁ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ።

1ኛ. ዲ1 1101፣ ዲ3 0111፣ ፓሪቲው 1000 ቢሆኑ፣ የሞተው ዲ2 ምን ይዞ ነበር?

2ኛ. ከሲንክ በኋላ፣ ዲ2 ከመሞቱ በፊት፣ አንድ ሰው ዲ3ን ወደ 0000 ለውጦት ቢሆን ስሌቱ ዲ2ን ምን ነው ይላል? ፕሮግራሙስ ስሕተቱን በምን ያውቃል?